በአንድ ሃይላንድ ወረታ ደርሶ መልስ

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ባለ ሞተር ብስክሌት መሆኑ የሚታወቀው ገና ከበር ነው። ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ በቀጥታ ወደ ሐዘንተኛዋ ይመጣል። ባለ ሞተሩ ግን ግቢ ውስጥ የቆመችውን ሞተር ሳያይ አያልፍም። ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ዘይት መንጠባጠብ አለመንጠባጠቡን ያያል፣ ከዚያ ፊቱን አጥቁሮ ወደ እኔ ይዞርና እግዜር ያጥናሽ ይለኛል። ባለቤቴ አያልነህ በሞተ ሰሞን እንዲህ ያደረገውን ሰው ብዛት ሳይ ነው ደብረ ታቦር ይህን ያህል ሞተር እንዳላት ያወቅሁት።

አልተቀየምኳቸውም፤ አያልነህም ከእነሱ አይሻልም ነበር። አንድ ጊዜ ገሳይ ከተማ ለአንድ ወዳጁ ለቅሶ ይዞኝ ሄደ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሳለቅስ ቆይቼ ብወጣ፣ እሱ ከጓሮ ቁጢጥ ብሎ የሟቹን ሞተር ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ “ዝገት ሐዘን አያውቅም” አለኝ። ያን ዕለት ተናድጄ እስከ ቤታችን አላናገርኩትም። ዛሬ ግን ከመጽሐፍ እንደተገኘ ቃል እደግመዋለሁ።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈውና ታገሡኝ። ሠላሳ ዓመት ለሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን ነገር ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ብዕሩ ብርድ ላይ እንዳደረ ሞተር አልነሳ ይለኛል። ደጋግሜ መርገጥ አለብኝ።

አያልነህ የከብት ሐኪም ነበር። ገበሬዎቹ ዶክተር ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት ዶክተር አይደለሁም እያለ ያርማቸው ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ማረሙ ደከመው፤ በሦስተኛው ዓመት ዶክተር ሲሉት ፈጥኖ መዞር ጀመረ። ሞተሯን ያገኛት መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያወጣ ነው። የጃፓን ሥራ ናት። ቀይ ነበረች ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ፀሐዩና ጭቃው ተባብረው ዳማ ፈረስ አስመስለዋት ነበር። ገበሬዎቹም ዳማ ብለው ስም አወጡላት። ለእነሱ ሰው የሚሸከምና የሚጠጣ ነገር ሁሉ ፈረስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አገለገለችን፤ ከእኔ ጥርስ ያነሰ ነው የተበላሸባት።

አያልነህ ሁለት የልብ ወዳጆች ነበሩት፤ ሁለቱም ባለ ሞተር ናቸው። አንዱ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ናቸው። ገበያ እየተከተሉ ዛሬ ገሳይ ነገ አንበሳሜ ይውላሉ። ሞተራቸው የህንድ ሥራ ናት፤ ከተገዛች አምስት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ድረስ ከፋብሪካ የመጣችበት ላስቲክ ከመቀመጫዋ አልተነሳም። ሁለተኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ የአቋቋም መምህር። የእሳቸው የቻይና ሥራ ናት። ሲነዱ ጥምጣማቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በነጠላ ከአገጫቸው ሥር ስለሚያስሩት፣ ከሩቅ ሲመጡ የጥርስ ሕመም የያዛቸው ይመስላሉ። ሐጂና መሪጌታ አንድ ሰፈር ተወልደው አብረው ያደጉ ናቸውና፣ ከተማው በሙሉ አንቱ ሲላቸው እነሱ አንተ ይባባላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ግቢያችን ውስጥ ተሰብስበው ሞተራቸውን ያጥባሉ። ማጠቡ ሰበብ ነው፤ የመጡት ለክርክሩ ነው። የማን ሞተር በሊትር ብዙ ትሄዳለች፣ የማን ሞተር ዕድሜ ትጠግባለች። ሐጂ አምስት ዓመት ሙሉ ካንዴላ እንኳ አልቀየርኩም ይላሉ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ ካንዴላህን አላውቅም፣ ሞተርህን ስትገፋ ያየህ ሰው ግን በየገበያው አለ ይሏቸዋል። ከዚያ በተራቸው፣ የእኔዋ እንደ ጌታዋ ጾመኛ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ ነዳጅ አትቀምስም ይላሉ። ሐጂም ጨርቃቸውን እየጨመቁ፣ ረቡዕና ዓርብማ አልነሳ ብላህ ቆማ ትውላለች፣ እሱ ጾም ከሆነ የቤቴ ግድግዳም መናኝ ነው ይላሉ።

አያልነህ የሚናገረው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱ እስኪደክማቸው ይጠብቅና፣ “ዳማ በአንድ ሃይላንድ ወረታ ደርሳ ትመለሳለች” ይላል። በዚህ ክርክሩ ይዘጋል።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ሃይላንድ የምንለው ትልቁን የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ ሊትር ተኩል ይይዛል። ማደያው ነዳጅ ሲያልቅበት ቤንዚን በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው በእሱ ስለሆነ፣ የእኛ አገር ባለ ሞተር ነገሩን ሁሉ የሚለካው በሃይላንድ ነው። ከደብረ ታቦር ወረታ ደርሶ መመለስ ደግሞ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን በሊትር ተኩል መሄድ ለአንዲት አሮጊት ሞተር ተአምር ነው። እናቴ ወረታ ነበረች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ እሁድ አያልነህ ከኋላው አስቀምጦ ይወስደኝ ነበርና፣ ምስክሯ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። እኔ ግን ነዳጁን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። እኔ የማየው የእናቴን ስንቅ እንዳይደፋብኝ ነው።

ሐጂ እንፈትናት ባሉ ቁጥር አያልነህ ነገ ይላል። ያ ነገ አሥራ ስምንት ዓመት ቆየ። ከዚያ አያልነህ ሞተ።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚ ላይ ናቸው። ድምፃቸውን እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የሟችን ደግነት የሚያወሱ መስሎኝ ጆሮዬን ብሰጥ፣ “ሊትር ተኩል” የሚል ቃል ሰማሁ። ሐጂ ናቸው። “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ አይሆንም” ይላሉ፤ “አህያም በሊትር ተኩል ውሃ ወረታ ደርሳ አትመለስም።”

መሪጌታ ሊከላከሉለት ሞከሩ። “ነፍሱን ይማር፣ ሞተሯን ይወዳት ነበር። የሚወዱትን ማጋነን ከትልልቆቹ ኃጢአት አይቆጠርም” አሉ።

ከሐጂ ክስ ይልቅ የመሪጌታ ጥብቅና ነው ያሳመመኝ። አያልነህ ውሸት አያውቅም ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። እስቲ አስቡት፤ አሥራ ስምንት ዓመት በሊትር ሲዋሽ የኖረ ሰው በሌላ በምን አይዋሽም? ወጥሽ ይጣፍጣል ብሎኛል። እናቴ ወጤን ቀምሳ የምትለውን ስለማውቅ ያመንኩት እሱን ነበር። የእናትሽ ነገር አይከብደኝም፣ እሁድን የምናፍቀው ለእሷ ብዬ ነው ብሎኛል። ስትዘምሩ ድምፅሽ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማኛል ብሎኛል፤ እሱን እንኳ አሁን ሳስበው እውነት ነው። ደግሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ በየማታው ዛሬ ይሻለኛል ይለኝ ነበር። ይህን ሁሉ የሰጠኝ በአንድ አንደበት ነው፤ አንዱ ከፈሰሰ ሌላውን የት ላቁመው?

ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። “አያልነህ አልዋሸም” አልኳቸው። “ሞተሯ ያቻት፣ ሃይላንድም አይጠፋም። ሂዱና ሞክሯት።”

ሐጂ መሬት መሬት እያዩ፣ “ኧረ መምህርት፣ እኛ እንዲያው ወግ ነው” አሉኝ። ለእኔ ግን ወግ አልነበረም።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ለፈተናው መጡ። መሪጌታ በዳማ ሆድ ውስጥ የነበረውን ነዳጅ እስከ ጠብታው አወጡ። ሃይላንዱን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቅዳሴ ላይ እንዳለ ዲያቆን ተጠንቅቄ፣ አንዲት ጠብታ መሬት ሳትነካ። ጎረቤት በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ረገጧት፤ ዳማም በመጀመሪያው ተነሣች። እስከ ስድስት ሰዓት ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት ላይ የመሪጌታ ስልክ ጮኸ።

ነገሩ እንዲህ ሆኗል። ሐጂ ወረታ ደርሰው ተመልሰው፣ አለም በርን አልፈው አቀበቱን ሲጀምሩ ዳማ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ቆማለች። ሐጂም መግፋት ጀምረዋል። ሐጂ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፤ ዳማም ቀላል አይደለችም፤ አቀበቱም ለሁለቱም አላዘነም። ትንሽ እንደተጓዙ ከማሳ ላይ ገበሬዎች አዩአቸው። የዚያ አገር ገበሬ ደግሞ ሁለት ነገር ከሩቅ ይለያል፤ የጎረቤቱን በሬና የዶክተርን ዳማ። ዶክተር ሞቷል፣ የማይታወቅ ሰው ሞተሩን ይገፋል፤ ስለዚህ ሰውየው ሌባ ነው። ከበቧቸውና ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። ሐጂ ወዳጁ ነኝ ቢሉ፣ ወዳጅ ጋልቦ ይመጣል እንጂ ገፍቶ አይሄድም አሏቸው። ምስክር አለኝ ብለው ደወሉ።

አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው መሪጌታን፣ “አባቴ፣ ሐጂ ኑሩ ነኝ የሚሉ ሰው እዚህ ይዘናል፤ ያውቋቸዋል ወይ?” አሏቸው።

መሪጌታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ ሰማይ አዩ። ቀስ ብለው፣ “መልካቸው ምን ይመስላል?” አሉ።

ከወዲያ የሐጂ ጩኸት ያለ ስልክም የሚሰማ መሰለኝ። መሪጌታ ግን አልቸኮሉም። ስለ ቁመታቸው ጠየቁ፣ ስለ ሆዳቸው ጠየቁ፣ የሚገፉት ሞተር መቀመጫ ላይ ላስቲክ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። የስንት ዓመት ክርክር በአንድ ስልክ ተበቀሉ። በመጨረሻ፣ “አዎ፣ ይመስለኛል፤ አትምቱት” ብለው ዘጉ።

ወደ ማምሻው ላይ ሐጂ በጭነት መኪና መጡ። መኪናው ከፎገራ ሽንኩርት ጭኗል፤ ዳማ ከሽንኩርቱ ላይ ተጋድማለች፤ ሐጂ ከዳማ ጎን ተቀምጠዋል። ጀለቢያቸው የሽንኩርት ልጣጭ ለብሷል። ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እኔም ሞተሯን ለመቀበል ቀረብ ስል እንባዬ ወረደ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሽንኩርቱ ይሁን ከባሌ አላውቅም።

“መምህርት፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” አሉኝ ሐጂ ልብሳቸውን እያራገፉ፤ “ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።”

ያን ቀን ማንም አላጽናናኝም ብል ይቀላል። እኔ ግን መምህርት ነኝ፤ አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ወደቀ ተብሎ ከትምህርት ቤት አይባረርም። አያልነህ ነፋስ የሚያንገላታው ቀጭን ሰው ነበር አልኩ፤ የሐጂ አንድ ጭን የአያልነህን ወገብ ያክላል፤ ሚዛኑ ትክክል አይደለም። ይፈተን ከተባለ በመሪጌታ ይፈተን፤ ጾም ያከሳቸው ሰው ናቸው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ አገጫቸውን አሻሹና፣ ልክ ነው፣ ግን የእሁዱ ጉዞ ላይ ከኋላ አንቺ ነበርሽ፣ ካልሽማ አንቺም መጫን አለብሽ አሉ።

ጨነቀ። መሪጌታ ባለ ትዳር ናቸው፤ ካህናት ያስተምራሉ፤ እኔ ከል የለበስኩ ሴት ነኝ። ደብረ ታቦር ደግሞ ዓይኗ ብዙ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ካሰቡ በኋላ መሪጌታ መላ አመጡ። በእኔና በእሳቸው መካከል አንድ ከረጢት ገብስ ይቀመጣል፤ ያኔ እሳቸው ገብስ የጫኑ ሰው ናቸው፣ እኔም ገብሴን የማጅብ ሴት ነኝ። ከረጢቱን አንቺው ሙይ አሉኝ። ሞላሁት።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተነሣን። ከፊት መሪጌታ ጥምጣማቸውን ከአገጫቸው አስረው፤ ከመካከል ከረጢቱ፤ ከኋላ እኔ በጎን ተቀምጬ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፌ፤ ከሁላችን ኋላ ሐጂ ለዳኝነት በላስቲካም ሞተራቸው። በገበያው በኩል ስናልፍ ሚዛን የሚመዝን እጁን ከሚዛኑ አነሣ፤ በቅሎ የሚስብ ሰው ቆመ፤ አንዲት የማውቃት ሴት ማማተብ ጀምራ መሐል ላይ ስታየኝ በዚያው እጇ ሰላም አለችኝ። መሪጌታ ከከተማ እስክንወጣ ድረስ ላየን ሁሉ “ገብስ ነው፣ ገብስ ነው” ይሉ ነበር።

ከከተማው ወጥተን ብዙ ሳንርቅ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል የሚልበት አንዲት ጎባጣ ወይራ አለች። እዚያች ወይራ ስንደርስ አያልነህ ሁልጊዜ፣ “እሺ፣ አሁን ንገሪኝ” ይለኝ ነበር። እኔም በልቤ የቋጠርኩትን የሁለት ሳምንት ወሬ እፈታለሁ። የተማሪውን፣ የርእሰ መምህሩን፣ የጎረቤቷን፣ የእግሬን ቁርጥማት። እሱ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ይሰማኛል፤ ይመልስልኛል፤ ይስቃል። ከእኛ ጋር የሚሄደው ነፋሱ ብቻ ነው። ከታች ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ መጮህ ይጀምራል፤ ያኔ ወሬያችን ያልቃል።

አሁንም ወይራዋን ስናልፍ ጸጥታውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሞተሩ እንደ ጮኸ ነው። አንድ ኩርባ ዞርን፣ ሁለት ኩርባ ዞርን፤ እንደ ጮኸ ነው። ዳማ ታማለች ብዬ ፈራሁ። የመሪጌታን ትከሻ በከረጢቱ በኩል ገፋ አድርጌ፣ “ሞተሩ መቼ ነው ዝም የሚለው?” አልኳቸው። አልሰሙኝም። ጮኼ ደገምኩት።

መሪጌታ ዳር ይዘው ቆሙ። “ልጄ፣ ሞተር ዝም ካለ ጠፋ ማለት ነው እኮ” አሉኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። ሰው አቀበት ሲወጣ ያለከልካል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ያርፋል፤ ሞተርም እንደዚያው ቁልቁለት ላይ ዝም ይላል አልኳቸው። አሥራ ስምንት ዓመት በጆሮዬ የሰማሁት ነገር ነው። አትሳቁብኝ፤ እኔ የፊደል መምህርት ነኝ፤ ስለ ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የነበረውም አንድ ሰው ይህን አላስተማረኝም።

ሐጂ ደርሰው ወርደው ነበርና ሰሙ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ሐጂ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። “ያጠፋት ነበር” አሉ። “ቁልቁለቱን በሙሉ አጥፍቶ ነበር የሚወርደው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ይሄ ቀጣፊ! ቁልቁለቱንማ እናቴም በአንድ ሃይላንድ ትወርደዋለች።”

ክርክሩ እዚያው መንገድ ላይ ተጀመረ። ሐጂ ማታለል ነው አሉ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ሊቅ ሲፈርድ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ዳማ በአንድ ሃይላንድ ወረታ ደርሳ ትመለሳለች አለ እንጂ ሳትጠፋ ደርሳ ትመለሳለች አላለም። እኛም አልጠየቅነውም። ስለዚህ ፈተናው በሱ ሥርዓት ይደረግ” ብለው ቁልፉን አዞሩ። ዳማ ዝም አለች።

መሪጌታ ሞተር አጥፍተው ወርደው አያውቁም። ዳማ ድምፅ ሳታሰማ መንሸራተት ስትጀምር እሳቸው በተራቸው ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። በየኩርባው “እግዚኦ መሐረነ” ይላሉ። አንድ ላም ከመንገዱ መሐል ቆማ ስታየን፣ ይቺን ካለፍኩ ጣራ ገዳም በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ተሳሉ። አለፍናት። ላሚቱም ዞር ብላ አየችን።

ከዚያ መንገዱ ቀጥ አለና እሳቸውም ዝም አሉ። ጸጥታው ያ የድሮው ጸጥታ ነው። ነፋሱ፣ ከሩቅ የከብት ቃጭል፣ የጎማው ድምፅ። ማን ከፊቴ እንዳለ ረሳሁ መሰለኝ፤ ለከረጢቱ ማውራት ጀመርኩ። ጣሪያው በአንድ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል አልኩ። ልጃችን ከባሕር ዳር ትደውላለች፣ ደኅና ነኝ እላታለሁ አልኩ። ከዚያ፣ አሁን ንገሪኝ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ጀምሮ ወሬው ሁሉ ልቤ ውስጥ ተከምሮ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ አልኩ።

መሪጌታ ወደ ኋላ አልዞሩም። “ንገሪኝ” አሉ፤ “ቁልቁለቱ ገና ነው።”

እስከ ታች ድረስ ነገርኳቸው።

ወረታ ደርሰን፣ ሳንውል ሳናድር ተመለስን። አለም በርን አለፍን፤ ዳማ በሐጂ እጅ የቆመችበትን ቦታ አለፍን፤ ሐጂ የታሰሩበትን ዛፍ አለፍን፤ መሪጌታ ለዛፉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ ሐጂ ከኋላችን ሌላ ወገን አዩ። አቀበቱን ዳማ እያለከለከች ወጣችው። ወይራዋን አለፈች። የከተማው ቆርቆሮ ሲታይ እኔ ከኋላ ሆኜ እየጸለይኩ ነበር፤ በሕይወቴ ስለ ቤንዚን ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከከተማው መግቢያ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች ላይ ስንደርስ ዳማ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሁለተኛ አስነጠሰች። ቆመች። ከዚያ እስከ ቤቴ አምስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

የቆመችባትን ቦታ አውቃታለሁ። እሁድ ማታ ከወረታ ስንመለስ አያልነህ ልክ እዚህ ሲደርስ ይቆምና፣ “ውረጅ፣ እግራችንን እናፍታታ” ይለኝ ነበር። እሱ ሞተሯን እየገፋ፣ እኔ የእናቴን ስንቅ ይዤ፣ ጎን ለጎን እያወራን እስከ ቤታችን እንሄዳለን። በምሽት ያየን ጎረቤት ሁሉ ሰላም ይለናል። አንድ ቀን እንኳ ለምን በእግራችን ሆነ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እግሬን የሚያስብልኝ መስሎኝ ነበር።

ዋሽቷል ማለት ነው። በአምስት መቶ እርምጃ ዋሽቷል።

ሐጂ ደርሰው ሞተራቸውን አቆሙ። ዳማን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ምስክሯ እኔ ነኝና። “መምህርት” አሉ ሐጂ፣ በዚያች ሰዓት ድምፃቸው ለዳኛ የሚገባ ነበር፤ “እሱ እዚህ ሲደርስ ምን ያደርግ ነበር?”

“ቤት ድረስ ነበር የምንገባው” አልኩ። “ዛሬ የከበዳት ከረጢቱ ነው።”

ሐጂ ከረጢቱን አዩት። ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ቀድሜ አቀፍኩት። ተዉት፣ እኔ ልሸከመው፣ ሐዘን የሚለቀው በሥራ ነው አልኳቸው። ጀርባዬ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ፣ እያቃሰትኩ፣ በየሃያ እርምጃው እያረፍኩ ሄድኩ። መሪጌታ ከኋላዬ ዳማን እየገፉ፣ ኧረ ይቺ ሴት ወገቧ ይቆረጣል፣ ቢያንስ ላግዝሽ ይላሉ። ሐጂ ሞተራቸውን አጥፍተው ከጎናችን ይገፋሉ፤ ለምን እንደሚገፉ ራሳቸውም አያውቁም። ከቤቴ በር ስንደርስ ሐጂ ቆሙና ፍርዳቸውን ሰጡ። ይህን የሚያህል ከረጢት ባይኖር ኖሮ ትገባ ነበር፤ የአያልነህ ቃል ሙሉ ነው፤ ሐጂ ኑሩ ይቅርታ ጠይቋል። ቅዳሜ ዕለትም ሰው በተሰበሰበበት ደገሙት።

አሁን ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ያንኑ ይከራከራሉ፤ የዳማ ተራ ሲደርስ ብቻ ሁለቱም ዝም ይላሉ። መሪጌታ ሳይሄዱ ሰንሰለቷን ዘይት ይቀቡልኛል። ጣራ ገዳምንም እንደ ስለታቸው በእግራቸው ሄደው ደርሰዋል፤ ቁልቁል ቁልቁሉን ግን በሞተር ነው የወረድኩት፣ ስለቱ አቀበቱን ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘሀራ ተቆጥታ መጣች። ባሌን ምን አድርጋችሁብኝ ነው አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልጠየቀኝ ሰው፣ አሁን ቁልቁለት በደረስን ቁጥር ሞተሩን ያጠፋና ንገሪኝ ይለኛል፤ ምን ልንገረው? ሁለት ቁልቁለት ነገርኩት፣ ወሬ አለቀብኝ፤ አሁን እየፈጠርኩ ነው። የጀመርሽውን አታቁሚ አልኳት።

መሪጌታም ሐጂም ማንበብ ስለሚችሉ ይህን ጽሑፍ አንድ ቀን ማየታቸው አይቀርም። ስለዚህ እኔው ልናዘዝ። ያን ማክሰኞ እያቃሰትኩ በየሃያ እርምጃው እያረፍኩ የተሸከምኩት ከረጢት ውስጥ ገብስ አልነበረም። ከቤት ሳልወጣ ነው ገለባ የሞላሁት፤ ዳማ እንድታሸንፍ። ሐጂ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔስ ገና ሳልጭነው ቀላል ነበር።